የአባቴ ዳገት

ቡሬ፣ ሐሙስ ጥር 14

ዛሬም ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመዘንኩ። ኪሎዬ ንቅንቅ አላለም። ስኳር ከተውኩ፣ ዘይት ከቀነስኩ፣ ማለዳ ማለዳ በእግሬ መጓዝ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ተናድጄ ስመለስ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ያዙኝ።

«ምን ጎድሎሽ ነው ለመክሳት የምትለፊው? ባሏ እህል ነፍጓት ነው ተብሎ ሊታማ ነው እኮ!» አሉኝ።

«እትዬ፣ መች ከሳሁና ይታማል!» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

እሳቸው ያላወቁት አለ። አምና አባቴን ልጠይቅ ፈረስ ቤት ከተማ ስሄድ የሰፈራቸው ዳገት አቅቶኝ መሀል መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወርደው አገኙኝ። «ደከመሽ ልጄ?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለፋሲካ ግን አይወርዱም። ጉልበታቸውን የምስመው እደጃቸው ድረስ ወጥቼ ነው።