የጠፋው ናፍጣ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 8፣ 2021

ናፍጣዬን እየሰረቀኝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በጋሎን ስድስት ማይል ተኩል ይሄድ የነበረ ትራኬ አምስት ላይ ወርዷል። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ መድረሻውም ያው የግሮቭ ሲቲ ከተማ መጋዘን። የተለወጠው ሹፌሩ ብቻ ነው፤ የሚስቴ ወንድም ታምራት። አገር ቤት ሦስት የጭነት መኪና ነበረኝ። ሹፌሮቼ በየመንገዱ ናፍጣ በጀሪካን እየቀዱ ሲሸጡብኝ ነው የኖሩት። ይሄን ነገር አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ

ጠየቅኩት። በትዕግሥት ጀምሬ ነበር፣ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ የጭሱ ፊልተር ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቷል ብዬ ሁለቴ ኮል አድርጌልዎት ነበር።»

«መብራት ናፍጣ ይጠጣል እንዴ?» አልኩት።

ቁልፌን ተቀበልኩት። ቤታችን ቤዝመንት፣ ከሚያድርበት ምድር ቤት፣ ሻንጣውን ራሴ አውጥቼ በረንዳ ላይ ወረወርኩለት። ሚስቴ አልማዝ አለቀሰች፣ ግን አላስቀረችውም። የእሱም እንባ ሲመጣ ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ

ከጸሎት በኋላ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። ትራክ ያላቸውንም ሁለት ሰዎች እንዳይቀጥሩት አስጠነቀቅኩ። ሌባ ነው አልኩ፣ በግልጽ።

ሐሙስ

ዛሬ ራሴ ነዳሁ። መብራቱ በራ። ትንሽ ቆይቶ ትራኩ ጉልበት አጣ፤ እንደ ምንም ጋራዥ አደረስኩት።

መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና ሳቀ። የጭሱ ማጣሪያ በጥላሸት ተደፍኗል። ትራኩ ጥላሸቱን አቃጥሎ ለማጽዳት ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፤ ስለማይጠራለት ደግሞ ደጋግሞ ይረጫል። ናፍጣህን የሚበላው ይሄ ነው፣ መብራቱ እንደበራ ብታመጣው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይባክንም ነበር፣ አለኝ።

ታምራት ነግሮኝ ነበር። ደግነቱ መካኒኩ ሀበሻ አይደለም፤ ወሬው እኛ ሰፈር አይደርስም።

ቅዳሜ

ማጣሪያው ትናንት ጠዋት ጸድቶ ተገጠመ። ዛሬ ትራኩ እንደ ድሮው በጋሎን ስድስት ማይል ተኩል ሄደ።

አልማዝ ምሳ እያቀረበች ናፍጣው እንዴት ሆነ አለችኝ። ተስተካከለ አልኳት። ጭልፋውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

«እሱ ከሄደ ወዲህ ማለት ነው» አለች። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ አላመንኩህም ነበር። ወንድሜ ለካ ሌባ ነው። ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ ሲደውል አላነሳለትም።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ታምራት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ ሁሉም ዞረው እኔን ሲያዩኝ ታየኝ።

«ወጡ ጨው ያንሰዋል» አልኳት።

አመጣችልኝ። እፎይ ብዬ በላሁ።