አህያዋ የቆመችበት በር

ጥር 9። የአምናው እህል ክረምት ሳይገባ አልቆብን ነበር።

ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህን ያ ሳል ለቀቃት? እኔና ልጆቹ ደህና ነን፤ ሰው ሲጠይቀኝም የምለው ይህንኑ ነው።

እህሉ እንዴት ቶሎ እንዳለቀ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ መሬቴን የእኩል የሚያርሰው እሱ ነው። የእሱ እህል እስከ መኸር ሲደርስ የእኔ ጎተራ ባዶ ቀረ። ሲያየኝ ደግሞ አንገቱን ይደፋል፤ አንገት መድፋቱ ራሱ አላማረኝም። ሴት አውድማ ላይ ቆማ አትካፈልም ሲሉ፣ አንተ የአጎታችን ልጅ ይቁምላት አልክ። እኔ ቤት ሆኜ ለወቂዎቹ ምግብ እሠራለሁ፤ የአጎታችን ልጅ ድርሻዬን አሰፍሮ በእኔው አህያ ጭኖ ያመጣልኛል። አምና “አዝመራው ፍሬ አልያዘም፣ እህቴ” አለኝ። አመንኩት።

ትናንት የጎረቤቴ ሚስት ወንፊት ልትዋስ መጣች። ሆዴ ቂም ይዞ ስለነበር “ጎተራ የሞላለት ሰው ወንፊት ይቸግረዋል?” አልኳት። ሳቀች። “አምና ከአውድማ ያነሳነው እኩል በእኩል ነው። ባሌን ከምትገላምጪ አህያሽን ጠይቂያት፤ መጀመሪያ የት እንደምታራግፍ እሷ ታውቃለች” አለችኝ። ለባሏ ልትሸፍንለት ነው አልኩ በልቤ።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ጭኜ ስመለስ መንታ መንገዱ ላይ የአህያዋን ገመድ ለቀቅኩት። ወደ ቤት አልሄደችም። ቀጥ ብላ የአጎታችን ልጅ ጓሮ ገባችና ጎኗን ለጎተራው በር ሰጥታ ቆመች። ምናልባት ገለባ ያበሏት ይሆናል ብዬ ራሴን ልሸነግል ስል፣ ሚስቱ ከውስጥ “ውይ፣ ዛሬ ደግሞ ማልዳችሁ መጣችሁ!” እያለች ወጣች። እኔን ስታይ ልጅ ያለቀሰባት ይመስል ተመልሳ ገባች።

ለአጎታችን ልጅ ገና አልነገርኩትም። አንተም እንዳትጽፍለት። ጋሼ፣ አምና “ከአጎታችን ልጅ እህል ደረሰኝ” ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ከየት እንዳመጣው ጠይቀኸዋል? ታውቅ ነበር ብዬ ማሰብ አልፈልግም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትልቋን ልጅህን፣ ያንን አፈ ጮሌ ታናሿንም ሳምልኝ። እናታችን አንተ ዘንድ እስካለች ይህን እንዳትሰማ።

ዛሬ እህሉ ይሰፈራል። ወቂዎቹ ውሃ ላኪልን ብለዋል። ጀሪካኖቹ ከአህያዋ ጀርባ አልተራገፉም፤ መስፈሪያ ቁናዬን ከላይ አስሬዋለሁ። ሴት እዚህ ምን አመጣት ካሉኝ ውሃ አመጣሁ እላለሁ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ወደ አውድማው ወጣሁ።