ድርሻቸውን ያልሸጡት ወይዘሮ ሐጂራ አብዱሰላም

ወይዘሮ ሐጂራ ከአባታቸው ከአቶ አብዱሰላም ሙሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሀባ አወል በ1921 ዓ.ም. አሊዩ አምባ ተወለዱ። ቁርኣን ቀርተው፣ ከአባታቸው ጋር ገበያ እየዋሉ የጨውና የቡና ንግድ ለመዱ። በ1938 ዓ.ም. አቶ አሊዪ ሐሚድን አግብተው ሸዋ ሮቢት ገቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

በ1954 ዓ.ም. አቶ አሊዪ ከነጋዴ ወዳጆቻቸው ጋር ከደብረ ሲና በታች ድንጋይ ከሰል የሚያወጣ አክሲዮን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ወይዘሮ ሐጂራ ከአባታቸው የወረሷቸውን ግመሎች ሸጠው በስማቸው ድርሻ ገዙ። ማኅበሩ ለዓመታት ቤሳ ትርፍ አላከፈለም። በ1963 ዓ.ም.፣ ሠራተኛው ለእርሻ በተበተነበት ክረምት፣ ጎርፍ ጉድጓዱን ደርምሶ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ቀበረው። ይህን ያዩት ባልና ሚስቱ እና የንብረት ጠባቂው አስፋው ብቻ ነበሩ። አስፋው አቶ አሊዪ ከካራቆሬ አምጥተው ያስቀጠሩት፣ ከገበታቸው የበላ ሰው ነው።

በ1966 ዓ.ም. አገር ሲታመስ ባለአክሲዮኖቹ ድርሻቸውን በርካሽ ይጥሉ ጀመር። የወይዘሮ ሐጂራ ወንድም አቶ አብዱልሀኪም «ሐጂራ፣ መንግሥት ሊገለበጥ ነው፤ ሳይመሽብሽ ሽጪ» ቢሏቸው፣ «መንግሥት መጪም ሂያጅም ነው፤ ከሰሉ የትም አይሄድ። እኔ የገዛሁት ለልጅ ልጅ ነው» ብለው ሌሎች የጣሉትንም ጨምረው ገዙ። በተደረመሰው ምትክ የተቆፈረው አዲሱ ጉድጓድ ትርፍ መስጠት እንደጀመረ ግን በ1967 ዓ.ም. ደርግ ማኅበሩን ወረሰው።

አስፋው ካድሬ ሆኖ ሥራ አስኪያጅነቱን ያዘ። በ1970 ዓ.ም. «ሞተሩን ያሸሸው አሊዪ ነው» ብሎ መሰከረ። አቶ አሊዪ እንደታሰሩ ቀሩ፤ አስከሬናቸውም ለቤተሰብ አልተሰጠም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ወይዘሮ ሐጂራ ከደጅ መለሱት። «ደሙን ሳልመልስ ሐዘን አልቀመጥም» አሉ።

ጉድጓድ ሲምሱ አርቆ አለመማስ ነው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም። በ1974 ዓ.ም. አስፋው ከጓዶቹ ተጣላና ያንኑ ሞተር ሸጠሃል ተብሎ ተከሰሰ። ከመታሰሩ በፊት ወይዘሮ ሐጂራ እግር ላይ ወደቀ።

«እትዬ ሐጂራ፣ ጎርፍ እንደበላው አንቱ ያውቃሉ። በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ይመስክሩልኝ!»

«አሊዪን ሲወስዱት ጎርፉ አልነበረም?» አሉት።

ችሎት ፊት ቀርበው ሲጠየቁም፣ «የሚያውቀው ባለቤቴ ነበር፤ እሱን አምጡና ጠይቁት» ብለው ወጡ። አስፋው ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በማግስቱ ወይዘሮ ሐጂራ በግ አሳርደው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ለባለቤታቸው ሐዘን ተቀመጡ። ያን ዕለት አለቀሱ።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆዩ። ከእስር የወጣው አስፋው ሽማግሌ ላከ። የሰፈሩ ሼህ «አላህ መሓሪ ነው፤ አፉ ይበሉት» ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ሐጂራ ከትራሳቸው ቀና ብለው «አላህ ከፈለገ ይማረው፤ እኔ አልምረውም። ሐቄን አኺራ ላይ እቀበለዋለሁ፤ መጠበቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አሉ። አስፋው በቀብራቸው ላይ አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ እንዳይጨምርም ተናዘዙ። ልጆቻቸው ይህን ቃል ዛሬ ይፈጽማሉ፤ የሚመለከተውም ሰው ይስማ።

ወይዘሮ ሐጂራ ሰኔ 14 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄደዋል። ልጆቻቸው ፈሪሃ፣ አብዱልሃዲና ናፊሳ ከነልጆቻቸው አሉ።

አላህ ቀብራቸውን ሰፊ፣ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው፤ ሐቃቸውንም ያስከፍልላቸው። አሚን።