የጓሮው በር ቁመት

ቡታጅራ፣ በጥቅምት ወር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ፣ የአባትሽ ቤት ክብር፣ የእኔም ቤት፣ ቤት በነበረኝ ዘመን፣ ሞገስ የነበርሽ፣ እጅሽ የነካው ችግኝ የማይደርቅብሽ፣ ከአፍሽ የወጣው ቃል በደንብ እንደ ተማገረ ግድግዳ የማይነቃነቅ፣ የተከበርሽ ወይዘሮ ወለተ ሐና ሆይ፤ ተራራውን ተሻግረሽ ወደ ቸሃ ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ጤናሽን ከገበያተኛ አፍ ከምለቅማት ወሬ በቀር የማውቅበት መንገድ የሌለኝ ባልሽ ገብረእግዚአብሔር፣ ከተጠጋሁባት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሆኜ በታላቅ ናፍቆት እጅ እነሣለሁ።

ከዚህ ጨው ይዛ ወጥታ ከእናንተ አገር ቅቤ ይዛ የምትወርደው ሀሊሜ የላክሽውን ቃል አድርሳልኛለች። ሸክሟን ሳታወርድ፣ «አለቃ፣ ባለቤትዎ "ቤቱን የሠራው ባለፈቃድ ራሱ ይግባበት" ብለዋል» አለችኝ። «ሌላስ?» ብላት፣ «ሌላማ ቅቤ ሸጡልኝ፤ ደግሞ ውድ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያችን አንዲት ቃል ይዤ ወደ ዕቃ ቤቴ ገባሁና፣ ቅር ያሰኘሽን ነገር ከሥሩ ጀምሬ እንዳስረዳሽ፣ ዓይኔ እንደ ቀድሞው ባይታዘዘኝም፣ ብዕሬን አነሣሁ።

የመኪናው መንገድ በቤታችን ላይ ያለፈ ዕለት፣ እኔ መጻሕፍቴን በነጠላ ስጠቀልል አንቺ የእንሰቱን ችግኝ ከነሥሩ እየነቀልሽ በቅጠል ስትጠቀልዪ፣ የጣሊያን ሠራተኞች ክዳኑን ሲያፈርሱ ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪ፣ «እንሰት የማይተከልበት ቦታ አልቀመጥም፤ ቤት ሲኖርህ ትጠራኛለህ» ብለሽኝ መሄድሽን እስከ ዛሬ እንዳየሁት አያለሁ። አገሩ ሁሉ በአንቱታ ሲጠራኝ «አንተ» የምትዪኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ካንቺ ወዲህ «አንተ» ያለኝ ሰው ቢኖር የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ነው፤ እርሱም እንዳንቺ አድርጎ አይለውም።

የቤት መሥሪያ ቦታ በተሰጠኝ ጊዜ ወንድምሽ ደበሌ፣ እንደ አገራችሁ ሥርዓት የእኅቱን ቤት ሊያቆም፣ ጎረቤቱን አስከትሎ፣ ምሰሶና ማገር አስይዞ ያን ሁሉ ተራራ መውረዱን ታውቂያለሽ፤ በከተማይቱ መግቢያ ካለው ኬላ የሆነውን ግን ከእርሱ አፍ እንጂ ከእኔ አልሰማሽም። በአዲሱ መንገድ ዳር ቤት የሚቆመው ስሙ በሹሙ ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ባለፈቃድ ሠሪ እጅ ብቻ እንዲሆን፣ ያለ ፈቃድ የቆመውም እንዲፈርስ፣ የሠራውም ሰው እንዲታሰር ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ዘበኞቹ መለሷቸው፤ እኔም ከወዲህ ሆኜ፣ ዘበኛ በአጠገቤ ቆሞ፣ «ደበሌ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል» አልሁት።

«ለእኅቴ ቤት?» አለኝ።

«ለእኅትህም ቤት።»

«አለቃ፣ እኛ ምን አጠፋን?» ብሎ፣ በትከሻው የተሸከመውን ትልቁን ምሰሶ ከኬላው ዳር ጥሎ፣ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። እንግዲህ ዘመድ ንቄ ባለፈቃድ የፈለግሁ መስሎ የታያችሁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወንድምሽ ቢታሰር ከቤት ይልቅ እኅቱን የማጣ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ባለፈቃድ መፈለግ ግድ ሆነ። ሰዎች የጠቆሙኝ ሙስተፋ የሚባለውን ስልጤ ነው፤ ጣሊያኖች ድልድይ ሲሠሩ ድንጋይ መጥረብንና ግንብን ከእነርሱ የተማረ፣ ፈቃዱንም በቆርቆሮ ቀፎ ከትቶ እንደ ክታብ ባንገቱ ያንጠለጠለ፣ አፉ ከመዶሻው የማያንስ ሰው ነው። ወረቀቱን አስወጥቼ ማኅተሙን በፀሐይ ካየሁ በኋላ፣ «ከዚህ በፊት የሠራኸውን ቤት አሳየኝ» አልሁት፤ ወደ አንድ ጨው ነጋዴ ቤት ወሰደኝ፤ ግድግዳውን በምርኩዜ ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ዝናብ ይገባ እንደ ሆነ የቤቱን እመቤት ጠየቅኋት።

«ዝናቡ አይገባም አባቴ፤ የቆርቆሮው ጩኸት ግን ይገባል» አለችኝ።

ሙስተፋ፣ «ጩኸቱን በነጻ ነው የጨመርሁላቸው» አለ።

በሽማግሌዎች ፊት፣ ክዳኑ ቢያፈስ ተመልሶ እንዲጠግን፣ ከእርሱ ፈቃድ በታች ሌላ ሰው እንዳያሠራ ተዋዋልን፤ ከዚያም ቦታውን ሊለካ ሲነሣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስንት ሰው ነው የሚገባበት?» አለኝ።

«እንዴት ስንት ሰው?»

«ሰው ነዋ አለቃ! እኔ የዶሮ ቤት አልሠራም።»

ወለተ ሐና፣ ሰው ከዚህ ቀሊል ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም፤ እኔ ግን ምርኩዜን መሬት ላይ ተክዬ ወደ መንገዱ ተመለከትሁ። ለመስቀል አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ምናልባት ከወራጁ ሰው መካከል ትኖሪ እንደ ሆነ ብዬ በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መዋሌን፣ የቸሃ ሴቶች ለገበያ መጥተው ቋንቋችሁን ሲናገሩ ቃሉ ሳይገባኝ ድምፁን ለመስማት ብቻ ከኋላቸው እከተል እንደ ነበረ፣ አንዲቱም ዞራ «ምን ጠፋብዎ አባት?» ባለችኝ ጊዜ አፍሬ ወደ በርበሬ ተራ መታጠፌን አስታወስሁ። በመጨረሻ «ሁለት» አልሁት፤ እርሱም ሌላ ሳይጠይቅ ገመዱን ዘረጋ።

ቤቱ እንደ ትእዛዙ አራት ማዕዘን ነው፤ የወንድምሽ ምሰሶ ግን ከኬላው ዳር ወድቆ አልቀረም። በሙስተፋ ሰዎች አስመጣሁት። «አለቃ፣ ይህ ቤት እኮ ምሰሶ አይፈልግም፤ ጣሪያው በግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው» ብሎ ተከራከረኝ፤ «ቤቱ ባይፈልገው እመቤቲቱ ትፈልገዋለች» አልሁት። «እሺ፣ ሰው ግንባሩን ሲገጨው ግን "የሙስተፋ ሥራ ነው" እንዳይሉ» ብሎ በመካከል አቆመው። ይኸው በማግሥቱ ግንባሬን ገጨኝ፤ ለደበሌ ንገሪው፤ በገዛ እጁ እንደ መታኝ ቆጥሬ ይበለኝ ብያለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የጓሮው በር ነገር መጣ። ትእዛዙ ለመንገድ ዳር ቤት አንድ በር ብቻ፣ እርሱንም በመንገዱ በኩል ይላል፤ የሚፈለግ ሰው በጓሮ ያመልጣል ብለው ይፈራሉና። እኔ ግን ሙስተፋን በልመናም በቁጣም ብዬ በኋላው ግድግዳ ላይ ክፍት ቦታ እንዲተው አደረግሁት። ሹሙ ሥራውን ሊያይ ከአስተርጓሚው ጋር በመጣ ጊዜ ቀጥ ብሎ እዚያው ላይ ቆመ።

«አንተ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«በር ነው። ባለቤቴ እንሰት ትተክላለች፤ ሸክሟን ይዛ የምትገባው በጓሮ ነው።»

«የታለች?»

ወደ ጓሮው ተመለከትን፤ ከአረም በቀር አንዳች አልነበረም። «ከወንድሞቿ ዘንድ ናት፤ ትመጣለች» አልሁ። ሹሙ የተናገረውን ተናገረ፤ አስተርጓሚውም፣ «ለጊዜው ይቆይ፤ ተመልሰን ስንመጣ ሴትዮዋ ከሌለች ግን በሩ ይደፈናል፤ የሠሪውም ፈቃድ ይነጠቃል» አለን። ሙስተፋ ያንን ቀፎውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እስኪርቁ ጠብቆ፣ ያለ ቀልድ፣ «አለቃ፣ እትዬ ይመጣሉ አይደል?» አለኝ። «መቃኑን አቁም» አልሁት።

«ቁመቱ ምን ያህል ይሁን? ሸክም እንደ ያዙ ነው የሚገቡት ብለዋል፤ ከነሸክማቸው ምን ያህል ይሆናሉ?»

ይህን የሚያነብልሽ ሰው እባክሽ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። እጄን አነሣሁ፤ ከጆሮዬ አደረግሁት፤ ዝቅ አድርጌ ከትከሻዬ አዋልሁት፤ መልሼ ከፍ አደረግሁት። ሳትሸከሚ በአጠገቤ ስትቆሚ የት እንደምትደርሺ ሰውነቴ ያውቀዋል፤ በሸክም ጎንበስ ብለሽ፣ ሸክሙም ከራስሽ በላይ ወጥቶ፣ በቀድሞው ቤታችን የጓሮ በር ስትገቢ ግን እኔ ሁልጊዜ በፊት በር ከመጽሐፌ ጋር ነበርሁ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ሙስተፋም አላሾፈብኝም፤ መጋዙን አስቀምጦ፣ «እንጠብቃለን» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ቤቱ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ሦስቱ ግድግዳ ተመርጎ፣ አራተኛው አንቺን ይጠብቃል። ስለ ሙስተፋ ፈቃድ ብለሽ እንድትመጪ አልጽፍም፤ እምቢ ካልሽ እነርሱ ሳይመለሱ በገዛ እጄ ጭቃ አቡክቼ እደፍነዋለሁ፤ እርሱም እንጀራውን አያጣም። ነገር ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ሁለት ሰው ይገባበታል ብዬ ባሠራሁት ቤት ውስጥ ቆርቆሮው ሲጮህ ብቻዬን መስማት እንደሚያስፈራኝ አልደብቅሽም።

ሀሊሜ ለሚመጣው ገበያ ትመለሳለች። እንሰቱን በጀርባሽ ተሸክመሽ ቁሚና፣ ከእግርሽ እስከ ሸክሙ ጫፍ በቃጫ አስለክተሽ፣ ቃጫውን በእርሷ እጅ ላኪልኝ።

ባልሽ
ገብረእግዚአብሔር