ወይብ ማዶ ያሉት አሥራ አንዱ

ጥቅምት 9 ቀን 1886፣ ጎባ

ብርድ። የጭፍራውን ስም ስገለብጥ ዋልኩ። የሻለቃ ገብረወልድ ጸሐፊ መሆን ከዘብ ይሻላል፤ እሳት አጠገብ ነው።

ከሰዓት ወደ ተራራው ወጣ ብዬ ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ቁርጥ የአገሬ የመንዝ ጅብራ። ጓሳውም ያው ነው። ለቤት ክዳን ጓሳ ስናጭድ ወንድሜ ገብረ ሥላሴ ሁሌ ይቀድመኝ ነበር። «አንተ ቄስ ሁን፣ ማጭድ አይሆንህም» እያለ ይስቅብኝ ነበር... ከአገሬ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት። ስንት ልጅ ወልዶ ይሆን?

ጥቅምት 12

ገበያ ወጣሁ። አገሩ ሁለት ነው፤ እኛ ጭፍሮቹ በዚህ፣ እነሱ ባላገሮቹ በዚያ። ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ዓመቱ፣ አሁንም ስናልፍ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሰላምታቸው «ነጋያ» ነው፤ ሰላም ማለት። እኛን ግን አይሉንም።

ገብስ ስጠይቅ አንዲት አሮጊት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ባሏ ሰፈሩልኝ። ጅሎ ይባላሉ። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሳናግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ወይብ ወንዝ ላይ ስንዋጋ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«የኛን ሰዎች ማን ቀበራቸው?»

ገብሱን እዚያው ጥዬ መጣሁ።

ጥቅምት 13

እኔ ነኝ የቀበርኳቸው። እኔና ተክለማርያም፣ ሌሎች ሦስት ሰዎችም። ጅብ ሳይቀድመን ብለን ተቻኮልን። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጉድጓድ። ተክለማርያም በንዳድ ሞተ። ሦስቱ ወደ ሐረር ሄዱ። ቦታውን የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ምነው ሌላ ሰው በኖረ።

ጥቅምት 19

ለጅሎ ነገርኳቸው። ገበያው ዳር ጠብቄ «እኔ ነኝ የቀበርኳቸው» አልኩ። ወይብ ላይ የቀረው ልጃቸው ዋሪዮ ይባል ነበር። ግራ ክንዱ ላይ የመዳብ አምባር ነበረው።

«አይተኸዋል?»

አዎ ብል ምን ነበረበት? አንድ ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታ ነበር...

«አላየሁም። ጉም ነበር፣ ደግሞም እየመሸ። ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ።»

ከዚያ «ውሰደኝ» አሉ።

ጥቅምት 20

ሻለቃን ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ብቻህን ከነሱ ጋር? ገደል አፋፍ ወስደው ያርዱሃል!»

«ልጃቸውን ነው የሚፈልጉት፣ ጌታዬ።»

«የኛን ሙት ማን ፈለገልን? ከሄድክ ጠመንጃህን አስረክብ። ጽሕፈቱንም ለሌላ እሰጣለሁ።»

አስረከብኩ። ለጠመንጃው አላዘንኩም። ጽሕፈቱ ግን... ከድቁናዬ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጥቅምት 25

ተመለስን። እንዴት ልጻፈው?

ወደ ገሰራ በኩል ሁለት ቀን ሄድን። ጅሎ በፈረስ፣ እኔ በእግሬ። የወንድማቸው ልጅ ጦር ይዞ ከኋላዬ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም። ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ወይብን ተሻገርን። ሣሩ ሁሉን ሸፍኖታል! ወዲህ ስል ወዲያ ስል... ከሁለት የወይራ ዛፍ ግርጌ መሬቱ ጎድጎድ ብሎ አገኘሁት። «እዚህ ነው» አልኩ። ጅሎ ቁጭ ብለው አፈሩን በመዳፋቸው ዳበሱት።

ሳልናገር መቆም አልቻልኩም። «ያን ቀን እኔም ተኩሻለሁ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም።»

የወንድማቸው ልጅ ጦሩን አነሣ። ጅሎ ቀና ሳይሉ ክንዱን ያዙት።

«እኔም ያን ቀን ጦር ወርውሬያለሁ» አሉ። «ማንን እንደወጋሁ አላውቅም።»

ከዚያ ተነሡና «የኔ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ለአሥራ አንዱም ድንጋይ እከምራለሁ» አሉ። ከወንዙ ስናመላልስ ዋልን። አንዱ ድንጋይ አልነሣ ሲለኝ ያ ባለጦር መጥቶ በሌላው ጫፍ ያዘልኝ። አሁንም ቃል የለም።

ዱዓ ሲያደርጉ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያት በሆዴ ደገምኩ።

ኅዳር 6

ሠርከአዲስ እንኳ ማዕድ ለየኝ። አብሮኝ ከመንዝ የመጣ ሰው! «የነሱ ሆነሃል» አለኝ። የማን ነኝ?

ኅዳር 8

ውርጭ። ዛሬም መንዝን በሕልሜ አየሁ። ጭሱ ከጓሳው ክዳን ላይ ይወጣል፣ በሩ ግን አይታየኝም።

ኅዳር 19

ጅሎ ራሳቸው መጥተው «ሎኮ ትፈልግሃለች» አሉኝ። ያቺ ገበያ ጀርባዋን የሰጠችኝ... ሚስታቸው ናቸው። እየፈራሁ ሄድኩ።

«ነጋያ» አሉኝ። ወተት ሰጡኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አዩኝ።

«እናትህ ማን ትባላለች?»

ዘጠኝ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስሟን ጠራሁላቸው። እሳቸው ለመጥራት ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ተሳካላቸው።

«በሕይወት አለች?»

«አላውቅም።»

«እሷስ የት እንዳለህ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አልኩ። ሎኮ እጄን ያዙ። «ልጄ የት እንዳለ ነግረኸኛል፤ ለሷም ልጇ የት እንዳለ ንገራት» አሉ።

ማክሰኞ ወደ መንዝ የሚሄድ ነጋዴ አለ። ደብዳቤ ብልክ የደብራችን ቄስ ያነቡላታል። ከዚህ ማስታወሻ አንድ ቅጠል ገነጠልኩ። የተማርኩት የሰላምታ ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤

«ይድረስ ለእናቴ ለወለተኢየሱስ። ያለሁት ጎባ ነው።»