አንድ አውድማ

ወረታ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመባ አባት፣ ለዘመነ፤ አንበሳሜ።

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርድ ሲመጣ ጉልበቴን ትንሽ ይይዘኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ልጃችን መባ ከጎንደር ትደውላለች፤ ሳልጠይቃት «አባዬ ደህና ነው» ትለኛለች። «ማን ጠየቀሽ?» እላትና ስልኩን ሳልዘጋ የቀረውን እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። በስልክ ከሆነ ሁለታችንም እንጮኻለን፤ በወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ አፍህን ይዘህ ትሰማኛለህ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህና ቻለው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዋርካው ሥር ስታስተምረን፣ ከሴቶቹ ሁሉ የእኔን ደብተር ለምን ደጋግመህ እንደምታርም አይገባኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ።

ያጣላንን አላነሣም ብዬ ነበር፤ አላስችል አለኝ። እኔ ጠበል ሄጄ ሳለሁ፣ ከአባቴ ቤት የመጣችውን ላም ሳትነግረኝ መሸጥህ ያኔም ልክ አልነበረም፣ ዛሬም ልክ አይደለም። አንተም «በሰው ፊት ሌባ አልሽኝ» ብለህ እህትህ ብርክቲ ዘንድ ከገባህ ይኸው ሦስተኛ ክረምታችን አለፈ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሽማግሌዎቹ የሩዝ ማሳችንን ለሁለት ሲከፍሉት፣ እልህ ይዞን መሀል ለመሀል የአፈር ክትር አሠራን። ውሃው ከላይ በእኔ በኩል ገብቶ ወደ አንተ እንደሚወርድ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ማን ቀድሞ ይናገር? የእኔ ሩዝ ውሃ ተኝቶበት ሲበሰብስ፣ ያንተን ድርሻ ምርቱን እኩል እየተካፈለ የሚያርሰው ጎረቤታችን ክንዴ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጠቀ እያለ ሲያማርር ሁለት ዓመት ሄደ። ሩዝ ገና እንግዳ ሳለ፣ ሰው «የሣር ፍሬ ሊበሉ ነው» እያለ ሲስቅብን አብረን ያቀናነው መሬት ነው። እንዲያ ሆኖ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ዘንድሮ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ክትሩን ጠራርጎ ወሰደው። ውሃው ሲጎድል ክንዴ አካፋ ተሸክሞ መጣ።

«እታለም፣ ድንበሩ የት ላይ ነበር? ልመልሰው» አለኝ።

«እኔ ምኑን አውቄ!» አልሁት።

አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። አካፋውንም «አውሰኝ» ብዬ ተቀበልሁት፣ እስካሁን አልመለስሁለትም።

ሩዙን ብታየው! ከዳር እስከ ዳር እኩል ቆሞ ፍሬው አጎንብሷል። የእኔ የቱ፣ ያንተ የቱ እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። መምሬ ማርቆስ ግን አይተው «ይኼማ ነገ ጠብ ይሆናል፤ ሳይታጨድ ገመድ ተጥሎበት ይለይ» አሉ። የሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው ይመጣሉ። ዳግመኛ ከተከፈለ እኔም አንተም እንደ ተለያየን የምንቀር ይመስለኛል፤ እሱን ነው የፈራሁት።

«ባለመሬቱ ሳይመጣ ገመድ አይጣልም» አልኋቸው።

ፈገግ አሉና «ሙናዬ፣ የፈለግሽው መሬቱን ነው ባለመሬቱን?» አሉኝ።

አፍሬ ፊቴን ወደ ሩዙ አዞርሁ። ለእሳቸው ያልመለስሁትን ላንተ ልንገርህ፤ የፈለግሁት አንተን ነው። ቤቱ ሰፍቶኛል። የምቆጣው ሰው አጥቼ ከዶሮ ጋር ስጣላ እውላለሁ። የላሟን ነገር ግን ይቅርታ ትጠይቀኛለህ። እኔም የምልህ አለኝ፤ እሱን ፊት ለፊት ነው የምነግርህ።

ለአጨዳው ወንፈል ገብተው የሚያግዙን ጎረቤቶች «አውድማው አንድ ነው ሁለት?» እያሉ ይጠይቁኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።

ይህን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ሀይለየሱስ ዓርብ ይመለሳል። የፊት ወንበሩን ላንተ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ። ለብርክቲ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ስላኖረችህ እግዜር ይስጥልኝ በላት፣ ከእንግዲህ ግን ይበቃታል። ሚካኤል በክንፉ ጋርዶ ለደጅህ ያብቃህ።

ባለቤትህ ሙናዬ

ሳልጽፈው ልረሳ ነበር፦ ከሸጥሃት ላም የቀረችው ጥጃ አድጋ ወልዳለች። ዛሬ ጠዋት በእሷ እበት አውድማ ለቀለቅሁ፤ አንድ ነው የለቀለቅሁት።