ለፍፁም የመጣው የሰርግ ልብስ

ይድረስ ለወንድሜ ለአብርሃም፣ ስኮትላንድ። ከሙሽራይቱ ጋር በጤና እንደከረማችሁ ተስፋዬ ነው። እኔና እማዬ እዚህ መርሳ ከተማ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሰርግህ ጉርድ ቀሚስ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ አይታ እማዬ፣ «ያ አገር ሱሪ የለውም?» ብላ ሳቀች። የአገሩ ወንዶች የክብር ልብስ ነው ብዬ አስረዳኋት። ለወንድማችን ለፍፁም የላክኸው ተመሳሳይ ጉርድና ኮትም ደርሷል። ለብሶት ፎቶ ይነሳ ያልከው ግን ይቆይ፤ ከሚሊሻው ጋር ወደ ቆቦ ከሄደ ወዲህ አልደወለም። ኔትወርክ የለም ይላሉ።

ትናንት እርጥበቱ እንዲለቀው ከነኮቱ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። እማዬ ከሥሩ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጎረቤታችን እታፈራሁ ይህን አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወየው ፍፁሜን!» እያለች ገባች። በእኛ አገር ባለቤቱ የሌለ ልብስ ባዶውን ወጥቶ የሚሰቀለው ለለቅሶ ነውና አልፈረድኩባትም።

እማዬ ምስሩን ደፍታ ተነሳች። «ዝም በይ! የሰርግ ልብስ ነው!»

«ቀሚስ ለወንድ? እኔ ኮቱን አይቼ እኮ ነው!» አለች እታፈራሁ።

እማዬ ልብሱን አወረደችው፤ ግን አላጠፈችውም። ጉርዱን በቀሚሷ ላይ ታጠቀችው፣ ኮቱን ደረበችበት። «በቃ፣ ሰው ለብሶታል» አለችና እስኪመሽ ምስሯን ስትለቅም ዋለች።

ለሙሽራይቱ ሰላም በልልን። ሁላችንንም በደህና ያገናኘን።

እህትህ አለሚቱ